የሽመሉ ጫካና አራዊቱ

ሸርቆሌ ቆላ ነው። በሰሜን ምሥራቅ አባይ ከጉባ ይለየዋል። በሰሜን ምዕራብ ያለው ሱዳን ነው። በሌላው በኩል ኩርሙክ፣ ሆሞሻና መንጌ ያዋስኑታል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ሽቅብ ወደ አሶሳ ይወጣል።

በዚህ አገር ጫካ ሲባል መጀመሪያ በሰው ሐሳብ የሚመጣው ሽመል ነው። ቤቱ የሚሠራው በሽመል ነው። አጥሩ ሽመል ነው፤ ጎተራው ሽመል ነው፤ አልጋውም፣ የንብ ቀፎውም ሽመል ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ከመሬት ብቅ የሚለው ለጋ ቡቃያ ተልጦና ተቀቅሎ ይበላል፤ የተረፈው አሶሳ ገበያ ይወጣል። ደገኛው ሽመል ሲል በእጁ የያዘውን ዱላ ማለቱ ነው። ለቆላው ሰው ግን ሽመል ዱላ ብቻ አይደለም።

በዚህ ትምህርት ስለ ሽመሉ ጫካና በውስጡ ስለሚኖሩት አራዊት እናነባለን። ግማሹን እናንተ ከጸሐፊው ይበልጥ ታውቁታላችሁ፤ ከልጅነት ጀምሮ ያያችሁት ነውና። የቀረው በሌላ አገር የታየና ተመራማሪዎች የጻፉት ነው። ሁለቱን አጋጥሞ ማየት ይጠቅማል።

ጫካ ሁሉ አንድ አይደለም

በዓለም ላይ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ዝናብ የሚጥልባቸው ደኖች አሉ። የዝናብ ደን ይባላሉ። በአፍሪካ ትልቁ የዝናብ ደን በኮንጎ ወንዝ ዙሪያ ያለው ነው። እዚያ ደን ውስጥ ሳሎንጋ የሚባል ብሔራዊ ፓርክ አለ። የተከለለው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ስፋቱ 36,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ ምን ያህል ነው ቢባል፣ መሬቱ አራቱም ጎኑ እኩል ቢሆን ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ 190 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጎበዝ እግረኛ በደህና መንገድ አምስት ስድስት ቀን ይወስድበታል። ሳሎንጋ ውስጥ ደግሞ ደህና መንገድ ብሎ ነገር የለም፤ ሰው የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በወንዝ፣ በጀልባ ነው። ቦኖቦ የሚባለው ጭራ የሌለው ትልቅ የዝንጀሮ ዘመድ እዚያ ይኖራል። ከኮንጎ ደን ውጭ በየትም አገር ጫካ አይገኝም።

በእኛም አገር እርጥብ ደን አለ። በደቡብ ምዕራብ በከፋ፣ በሸካና በኢሉባቦር ይገኛል። ቡና ሰው ሳይተክለው በራሱ የሚበቅለው በዚያ ደን ጥላ ሥር ነው። የከፋ ደን በ2002 ዓ.ም.፣ የሸካ ደን በ2004 ዓ.ም. ሰው እየኖረባቸው የሚጠበቁ ደኖች ተብለው በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። በእንዲህ ያለ ደን ዛፉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቅጠሉን አያራግፍም። መሬቱ ጥላ ነው፤ እርጥብ ነው። እሳት ቢለኩሱበት እንኳ በቀላሉ አይያያዝም።

ሸርቆሌ ግን ሌላ ነው። ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይጥላል፤ ከዚያ በኋላ ለወራት ጠብ አይልም። ዛፉ ቅጠሉን ያራግፋል። ሣሩ ከሰው ቁመት በላይ አድጎ ይደርቃል። የዕጣን ዛፍ አለ፤ ባኦባብ የሚሉት፣ ግንዱ እንደ ጎተራ የሚያብጠው፣ ከድንበር ማዶ ተበልዲ የሚባለው ዛፍም አለ። እነዚህ ሁሉ ድርቅን የለመዱ ናቸው። እሳትንም ለምደዋል። የለመደ ማለት ግን የማይጎዳ ማለት አይደለም። ወደዚህ ነገር ኋላ እንመለሳለን፤ ዋናው ቁም ነገር እሱ ነውና።

በጫካው ውስጥ የሚኖሩት

ከጉሬዛ እንጀምር። ጉሬዛ የሚወደው በወንዝ ዳር ያለውን ረዣዥም ዛፍ ነው። ጥቁርና ነጭ ጸጉሩን የማያውቅ የለም። ግልገሉ ግን ሲወለድ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው፤ ጥቁሩ ጸጉር የሚመጣው ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። እጁን ያየ ሰው ደግሞ አውራ ጣት እንደሌለው ያስተውላል። በአራቱ ጣቶቹ ብቻ ቅርንጫፉን እንደ ሜንጦ እየያዘ ይዘላል። ምግቡ በብዛት ቅጠል ነው። ሆዱም እንደ ላም ሆድ በክፍል በክፍል የተሠራ ስለሆነ ሌላው ዝንጀሮ የማይፈጨውን ጠንካራ ቅጠል ይፈጫል። ስለዚህ ጉሬዛ ማሽላ ሊሰርቅ አይመጣም ማለት ይቻላል። ብዙ ዘመን የታደነው ለቆዳው ነው እንጂ ጥፋት ስላጠፋ አልነበረም።

ዝንጀሮ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ዝንጀሮን ማመስገን ለገበሬ ይከብዳል። ማሽላው እሸት ሲይዝ ከነልጆቹ ይወርዳል፤ ማንጎም አይቀረው። የሽመል ቡቃያ ሲወጣ ደግሞ ዝንጀሮ፣ ከርከሮና ጃርት ከሰው ጋር ይሻማሉ። ሴቶችና ልጆች ቀኑን ሙሉ ማሳ ሲጠብቁ ይውላሉ። ልጁ ከትምህርት ቤት የሚቀረውም አንዳንዴ በዚሁ ምክንያት ነው።

ታዲያ ዝንጀሮ ለምን በዛ? በጋና አገር በተከለሉ ቦታዎች ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 2004 እ.ኤ.አ. ድረስ አራዊት ሲቆጠሩ ቆዩ። አንበሳና ነብር ባለቁበት ቦታ ዝንጀሮ በዛ፤ ወደ እርሻም ደፍሮ መውረድ ጀመረ። የጋናው ዝንጀሮና የእኛ አገር የቆላ ዝንጀሮ አንድ ዓይነት ናቸው። ነገሩ ሲታሰብ ግልጽ ነው። ነብር ሌሊት የዝንጀሮን ማደሪያ ይዞራል። ዝንጀሮውም ነብር ባለበት አገር ከገደሉና ከዛፉ ርቆ ሜዳ ላይ መዋል ይፈራል። ነብር ፍየል እንደሚበላ አይካድም። ፍየል የተበላበት ሰው ሲናደድ እውነት አለው። ሆኖም ሌሊቱን ሙሉ ደመወዝ ሳይከፈለው ዝንጀሮ የሚጠብቅ ማን ነው ቢባል፣ እሱው ነብሩ ነው። ፍየሉን ማታ ጥቅጥቅ ባለ በረት ማስገባት ነብሩን ከመግደል ይቀላል።

ሜዳ ለሜዳ የሚሮጠውን ቀይ ጦጣም ታውቁታላችሁ። ረጅም እግር አለው፤ ሲሮጥ ውሻ ይመስላል። በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ድረስ ይሮጣል። ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን የእሱን ያህል የሚፈጥን የለም።

ከእነዚህ ሌላ በሽመሉና በቁጥቋጦው ውስጥ ድኩላ፣ ሚዳቋ፣ አጋዘን፣ ከርከሮ፣ ጅብና ዘንዶ ይኖራሉ። ጅግራና ቆቅም አሉ። ስለ እያንዳንዱ ብንጽፍ ገጹ አይበቃም። ስለ አንዲት ትንሽ ወፍ ግን መናገር ያስፈልጋል።

ይህች ወፍ ማር ትጠቁማለች። ሰው ስታይ ቅርንጫፍ ላይ ሆና ሳታቋርጥ ትጮኻለች። ሰውየው ሲቀርባት ትንሽ በረር ብላ ሌላ ዛፍ ላይ ታርፍና እንደገና ትጮኻለች። እንዲህ እያለች ንብ ያለበት ግንድ ድረስ ትወስደዋለች። እሷ የምትፈልገው ሰሙንና እጩን ነው። ሰም በሆዱ የሚፈጭ ፍጡር ጥቂት ነው፤ እሷ ግን ትፈጨዋለች። ግንዱን መፍለጥና ንቡን በጭስ ማባረር ስለማትችል ሰው ያስፈልጋታል። በሞዛምቢክ የሚኖሩ ያኦ የተባሉ ሕዝቦች ወፏን የሚጠሩበት የራሳቸው ድምፅ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ያንን ድምፅ እያሰሙ የሄዱት ሰዎች ከ100 ጊዜ 54 ጊዜ ማር አገኙ። ሌላ ድምፅ እያሰሙ የሄዱት ያገኙት ግን 16 ጊዜ ብቻ ነው። ወፏ የዱር ናት፤ ማንም አላስተማራትም። ሰውና የዱር ወፍ እንዲህ ተስማምተው የሚሠሩበት ነገር በዓለም ላይ ብዙ አይገኝም።

ወደ ወንዙ ስንወርድ ጉማሬና አዞ አሉ። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፤ ፀሐይ ቆዳውን ስለሚያደርቀው ነው። ማታ ይወጣና እስከ 40 ኪሎ የሚደርስ ሣር ይግጣል። ፋንድያውን ውሃ ውስጥ ስለሚጥል ዓሣው ከዚያ ምግብ ያገኛል። ጉማሬ ሣር በል ነው ብሎ መዘናጋት ግን አይገባም። ከአንድ ሺህ ኪሎ በላይ የሚመዝን እንስሳ ነው፤ ሲደነግጥ ወደ ውሃው ይሮጣል። በእሱና በውሃው መካከል የቆመ ሰው ካለ አያልፈውም። ስለዚህ በምሽትና በንጋት የጉማሬ ዱካ ባለበት መንገድ ውሃ ለመቅዳት መውረድ አደገኛ ነው።

በአባይ ላይ ትልቅ ለውጥ መጥቷል። በጉባ የታላቁ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ የተጣለው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። የተመረቀው ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ግድቡ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ገደልና ሸለቆ የነበረው ቦታ ሐይቅ ሆኗል፤ በሸለቆው የነበረው ጫካም ከውሃው በታች ገብቷል። እዚያ ይኖር የነበረው አውሬ መሄጃው ሽቅብ ነው። ሽቅብ ያለው ደግሞ የእኛው ሽመልና የእኛው እርሻ ነው። ስለዚህ በዳገቱ ላይ የቀረው ጫካ ድሮ ከነበረው ዋጋ የበለጠ ዋጋ አለው።

ፓርክ ምንድን ነው?

ብሔራዊ ፓርክ ማለት አራዊቱና ዕፀዋቱ እንዲጠበቁ በሕግ የተከለለ ቦታ ነው። በአቅራቢያ ካሉት አንዱ አልጣሽ ነው። አባይን ተሻግሮ፣ ጉባን አልፎ፣ በስተሰሜን በቋራ ወረዳ ይገኛል። የተከለለው በ1998 ዓ.ም. ነው። ስፋቱ ወደ 2,666 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከሱዳኑ የዲንደር ፓርክ ጋር ይገናኛል፤ ዲንደር ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1935 የተከለለ ነው። ድንበሩ በካርታ ላይ አለ እንጂ አውሬው አያውቀውም። የአልጣሽ ጫካም እንደ ሸርቆሌ ሽመል ያለበት ደረቅ የቆላ ጫካ ነው።

በ2008 ዓ.ም. ከአልጣሽ አንድ ወሬ ተሰማ። ዶክተር ሃንስ ባወር የተባሉ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪና ጓደኞቻቸው በጫካው ውስጥ በራሱ ፎቶግራፍ የሚያነሳ ካሜራ ጠምደው ነበር። ካሜራው ሌሊት አንበሳ አነሣ። ዱካም ተገኘ። በአልጣሽና በዲንደር በአንድነት ከ100 እስከ 200 አንበሳ ሊኖር እንደሚችል ገመቱ። የዓለም ጋዜጦች ያልታወቀ አንበሳ ተገኘ ብለው ጻፉ። የቋራ ገበሬ ይህን ቢያነብ ሳይስቅ አይቀርም፤ ለሱ አንበሳው ድሮም የታወቀ ነው። ነገር ግን ያልተጻፈና ያልተቆጠረ ነገር ሲጠፋም አይቆጠርም። ወሬው የጠቀመው በዚህ ነው።

በደቡብ ደግሞ በ1966 ዓ.ም. የተከለለው የጋምቤላ ፓርክ አለ። ነጭ ጆሮ ቆርኬ የተባለው እንስሳ በጋምቤላና በደቡብ ሱዳን መካከል በየዓመቱ በብዙ ሺህ ሆኖ ይመላለሳል። እንዲህ ያለ የአራዊት ጉዞ በአፍሪካ ውስጥ ከጥቂት ቦታ በቀር አይታይም።

አውሬው የሚጠበቀው ግን በፓርክ ውስጥ ብቻ አይደለም። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን በየትም ቦታ በሕግ የተከለከለ ነው።

እሳትና የሽመሉ አበባ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ።

ሽመል ዛፍ ይመስላል እንጂ ሣር ነው። የማሽላና የበቆሎ ዘመድ ነው። ማሽላ ምን ያደርጋል? ያድጋል፣ አንድ ጊዜ ያብባል፣ ፍሬ ይይዛል፣ ይደርቃል። ሽመልም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ ማሽላ በአንድ ክረምት የሚጨርሰውን ሽመል የሚጨርሰው በብዙ ዓመት መሆኑ ነው። አንድ ሰው በዕድሜው አንዴ ወይም ሁለቴ ቢያየው ነው።

እስከዚያ ድረስ ሽመሉ የሚራባው ከመሬት ሥር ባለው ግንዱ ነው። ያ ግንድ በየክረምቱ አዲስ ቡቃያ ያወጣል። ቡቃያው በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ሙሉ ቁመቱን ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ አይረዝምም፣ እየጠነከረ ይሄዳል እንጂ። ለቤት የሚሆነው ሦስት ዓመት ሲሞላው ነው። ለጋው ውጭው አረንጓዴ ሆኖ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አለበት፤ የበሰለው ዱቄቱን ጥሎ ይቢጫል። ለጋውን የሚቆርጥ ሰው ነቀዝ ቶሎ የሚበላው ቤት ይሠራል። በክረምት መቁረጥም አይገባም፤ ቡቃያው በእግር ይረገጣል።

በየበጋው የሚነሣው እሳት ይህን ሽመል ያቃጥለዋል፤ ጨርሶ ግን አይገድለውም። ግንዱ ከመሬት ሥር ስላለ ክረምት ሲመጣ እንደገና ያቆጠቁጣል። ሰው ሽመል በእሳት አይሞትም የሚለው ይህን አይቶ ነው። እሳቱም ዓይነት አለው። በኅዳር፣ ሣሩ ገና እርጥበት እያለው የሚነሣው እሳት ዝቅ ብሎ ያልፋል። በየካቲትና በመጋቢት የሚነሣው ግን ነበልባሉ ከሽመሉ በላይ ይወጣል፤ የወፍ ጎጆ፣ የንብ ቀፎ፣ የድኩላ ግልገል አይቀረውም። ምክንያቱ አንዳንዴ አደን ነው፤ አንዳንዴ ለከብት አዲስ ሣር ፍለጋ ነው። ማር ቆርጦ የተጣለ ችቦም ብዙ ጫካ አቃጥሏል። ማሩን የጠቆመችው ወፍ ማደሪያዋን በዚያው ምሽት ታጣለች።

ሽመል ያበበ ዕለት ግን ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። አስቀድሞ ምልክት አለው። ቅጠሉ ይሳሳል። በክረምት ቡቃያው ይጠፋል። ከዚያ በየአንጓው ላይ ድቡልቡል፣ እሾህ የመሰለ ራስ ይወጣል፤ አበባው እሱ ነው። ከአንድ ዘር አብሮ የበቀለ ሽመል አብሮ ስለሚያብብ ጋራው በሙሉ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ያብባል። ነቅሎ ወደ ጓሮ የተተከለውም ከእናቱ ጋር ያብባል። ዘሩን ያራግፋል፤ ከዚያም ይሞታል። ይህ ጊዜ ከመሬት ሥር ያለው ግንድም ይሞታል። ስለዚህ አያቆጠቁጥም። ጫካው በሙሉ የሚቀረው በመሬት ላይ በተበተነው ዘር ነው።

የዚህን ጊዜ ሁለት አደጋ ይመጣል። አንደኛው አይጥ ነው። በህንድ አገር ሚዞራም በሚባል ክፍል በየ48 ዓመቱ ገደማ የሚያብብ ቀርከሃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1959 ሲያብብ አይጥ ፍሬውን በልቶ እጅግ በዛ። ፍሬው ሲያልቅ ወደ ሩዝ ማሳና ወደ ጎተራ ዞረ። ታላቅ ረሃብ ሆነ። በ2007ም እንደገና አበበ፤ አይጡም እንደገና መጣ። የሚዞራሙ ቀርከሃ ከእኛ ሽመል የተለየ ነው፤ ፍሬውም ይተልቃል። ቢሆንም ሽመል ባበበበት ዓመት ጎተራን ከመሬት ከፍ አድርጎ መሥራትና ድመትን ማክበር ብልህነት ነው። አይጥ የሚበላውን እባብና ጉጉትም ቢሆን ዝም ብሎ መግደል አይገባም።

ሁለተኛውና የባሰው አደጋ እሳት ነው። የሞተው ሽመል ደርቆ ቆሟል። እንደ ጭራሮ ነው። ከሥሩ ዘሩ በቅሏል፤ ግን ቡቃያው ከስንደዶ አይወፍርም፤ ከመሬት ሥርም የሚያድነው ግንድ ገና አላበጀም። አንድ የመጋቢት እሳት ከገባበት አለቀ። ደግሞ የሚያብብ እናት የለም፤ የሚረግፍ ዘርም የለም። ሣር ብቻ ይቀራል። ሽመል የማይሞት የሚመስለው ሰው፣ የሚሞትበትን አንድ ወቅት ስላላወቀ ያጣዋል። መሬቱ ባዶ ሆኗል ብሎ ለእርሻ የሚመነጥርም አለ። ባዶ አይደለም፤ ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው ቡቃያውን ያገኘዋል።

ምን ይደረግ? የደረቀው ሽመል ቶሎ ተቆርጦ ለአጥር፣ ለማገዶና ለገበያ ይውጣ። ሲቆም እሳት ይጠራል፤ ተቆርጦ ግን ገንዘብ ነው። ኅዳር ሳይገባ በጫካው ዙሪያ ሣሩ ሰፋ ተደርጎ ይመንጠርና እሳት የሚቆምበት ባዶ መሬት ይበጅ። ዘሩ ቀጭን የእህል ፍሬ ይመስላል፤ ከዛፉ ሥር እየተለቀመ ክረምት ሲገባ በችግኝ መደብ ይዘራ። ለብዙ ጊዜ ማስቀመጥ አይቻልም፤ ሲቆይ የመብቀል ኃይሉን ያጣል።

ከሁሉም የሚከብደው የፍየሉ ነገር ነው። ቡቃያው ቢያንስ ሦስት ክረምት ፍየልና ከብት ሳይነካው ማለፍ አለበት። ይህን አንድ ሰው ብቻውን ሊያደርገው አይችልም። የአንዱ ቤት ፍየል ተከልክሎ የሌላው ቤት ከገባ ከንቱ ድካም ነው። ሦስቱን ክረምት የማን መንጋ በየት በኩል እንደሚውል፣ ወደ ውሃ የሚወርደው በየትኛው መንገድ እንደሆነ፣ አበባው እንደታየ በቀበሌው ስብሰባ ተነጋግሮ መወሰን ያስፈልጋል። በየክረምቱ የሚወጣው ቡቃያ ካለፈው ዓመት ወፈር እያለ ይሄዳል። በሦስተኛው ክረምት ላይ ሥሩን ቆፈር አድርጎ ያየ ሰው ግንዱ ከአፈሩ ሥር መያዝ መጀመሩን ያገኛል።